ዳግማዊ አባ ጅፋር

ዳግማዊ አባ ጅፋር (1861 ገደማ – 1932 እ.ኤ.አ.) ከ1878 ጀምሮ እስከ ሞቱበት ዓመት ድረስ የጅማ ንጉሥ ነበሩ። ከጊቤ ወንዝ ማዶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ሊሙ ኢናርያ፣ ጉማ፣ ጎማ፣ ጌራ እና ጅማ ሲሆኑ፣ ከአምስቱ ረጅሙን ዕድሜ ያገኘው የአባ ጅፋር ጅማ ነው። አራቱ እስከ 1890ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ነጋሢዎቻቸውን አጥተው በሸዋ ሹማምንት እጅ ሲገቡ፣ ጅማ በራሱ ንጉሥ፣ በራሱ ሹማምንትና በራሱ ዳኝነት ሌላ 40 ዓመት ቆይቷል። የመንግሥቱ መናገሻ በኮረብታ ላይ የተቀመጠው ጅሬን ነበር። ዋናው ገበያ ደግሞ ከኮረብታው ግርጌ፣ በሜዳው ላይ የነበረው ሄርማታ ሲሆን የዛሬው የጅማ ከተማ ያደገው ከእሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የስማቸው አመጣጥ

አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው። በኦሮሞ ልማድ ጀግናና ባለሥልጣን የሚጠራው በሚጋልበው ፈረስ ስም ስለሆነ፣ አባ ጅፋር ማለት የጅፋር ጌታ፣ የጅፋር ባለቤት ማለት ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አባ ሬቡ፣ አባ ቦካና አባ ጎሞል፣ ከእሳቸውም በኋላ የመጣው አባ ጆቢር በዚሁ ልማድ የተጠሩ ናቸው። ዳግማዊ የተባሉት የመንግሥቱ መሥራች ተመሳሳይ የፈረስ ስም ስለነበራቸው ነው። አንዳንድ ጽሑፎች ሁለቱን ሰዎች ያደባልቃሉ፤ በመካከላቸው ግን ከ20 ዓመት በላይ ልዩነትና ሦስት ነገሥታት አሉ። ንጉሡ በኦሮምኛ የሚጠሩበት ማዕረግ ሞቲ ነው።

የመንግሥቱ አነሣሥ

የጅማ ኦሮሞዎች መጀመሪያ ንጉሥ አልነበራቸውም። የአገሩ አፈ ታሪክ እንደሚለው ወደዚህ ምድር የመራቻቸው መሆሬ የምትባል ኃይለኛ ሴት ስትሆን፣ በያዘችው ቦኩ ምድርን እያንቀጠቀጠች የቀድሞዎቹን ነዋሪዎች ከጎጀብ ወንዝ ማዶ አሻግራለች። በኋላም ሕዝቡ አገዛዟ ሲከብደው በብልሃት ቦኩዋን ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ጎሣዎቹ እያንዳንዳቸው በገዳ ሥርዓት ራሳቸውን ያስተዳድሩ፣ ለጋራ ጉዳይም ሁሌ በተባለ ቦታ ይሰበሰቡ ነበር።

ይህ የእኩዮች ስብስብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ መላላት ጀመረ። ዲጎ የሚባለው ጎሣ ብረት የሚወጣበትን የደካኖን አካባቢ ያዘ፤ ቀጥሎም በጅሬንና በሄርማታ ዙሪያ የነበሩትን የላሎ ሰዎች ገፍቶ ወደ ሄርማታ ገበያ ደረሰ። ብረትና ገበያ በአንድ እጅ ሲገቡ ምን እንደሚሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ያሳያል። ብረቱ ጦር ሆነ፤ ገበያውም ቀረጥ አስገኘ። የዲጎው መሪ አባ መጋል የጀመሩትን ልጃቸው ሳና ፈጸሙት። ሳና በ1830 ገደማ አባ ጅፋር ተብለው ነገሡ፤ እስልምናንም ተቀበሉ። በአገሩ ሁሉ ሰፋፊ መሬት ለንጉሡ ከለሉ፣ ግቢዎች ሠሩ፣ ከሊሙ ኢናርያ ጋርም ስለ ሲራራ መንገዱ ለዓመታት ተዋጉ። በ1847 ባዲ ፎላ የተባለውን ስፍራ ሲይዙ ከከፋ ወደ ሸዋና ወደ ጎጃም የሚሄደው ነጋዴ በጅማ እንዲያልፍ የሚያደርገው በር ተከፈተላቸው። ያኔ በመላው ጊቤ የታወቀው ገበያ የሊሙው ሰቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ ቀስ በቀስ ወደ ሄርማታ አጋደለ።

መሥራቹ በ1855 ሲሞቱ ልጃቸው አባ ሬቡ ነገሡ። አራት ዓመት ብቻ ቆይተው የሊሙ፣ የጉማና የጎማ ጦር ባበረበት ውጊያ ወደቁ። ከእሳቸው በኋላ የመሥራቹ ወንድም አባ ቦካ፣ ቀጥሎ በ1862 ልጃቸው አባ ጎሞል ዙፋኑን ወረሱ። አባ ቦካ እስልምና በየአውራጃው እንዲሰበክና መስጊድ እንዲሠራ አድርገዋል። አባ ጎሞል ደግሞ በምሥራቅ በኩል የነበረውን የጋሮን (የቦሻን) ጥንታዊ መንግሥት ድል አድርገው ግዛቱን አስፍተዋል።

ልጅነትና ንግሥና

ዳግማዊ አባ ጅፋር የአባ ጎሞልና የጉሚቲ ልጅ ናቸው። በ1878 አባታቸው ሲሞቱ ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ወጣት ንጉሥ በጊቤ አገሮች አዲስ ነገር አልነበረም። ብዙ ጊዜ ግን የዙፋን ሽኩቻ ያስነሣ ነበር። በጅማ ይህ ያልሆነው በአብዛኛው በእናታቸው ምክንያት ነው። ጉሚቲ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተሰሚነታቸው ትልቅ ነበር፤ የልጃቸውን ዘመነ መንግሥት የወሰነውን ምክር የሰጡትም እሳቸው መሆናቸው በጅማ ይነገራል። ስለ ነገሥታቱ ከሚጻፈው ውስጥ የእናትየው ድርሻ ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነው። ከዚያ በላይ የሚገባው ይመስላል።

ንጉሡ እንደ ዘመኑ ወግ ከጎረቤት ነገሥታት ጋር በጋብቻ ተሳስረዋል። ከሊሙ ኢናርያ ንጉሥ ቤትና ከከፋ ንጉሥ ቤት ሚስቶች አግብተዋል። የከፋው ጋብቻ ግን ከ20 ዓመት በኋላ በከፋ ላይ ከመዝመት አላገዳቸውም።

የተረከቡት አገር ሀብታም ነበር፤ ጊዜው ግን አስጊ ነበር። በሰሜን የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳል በ1881 ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ፣ ማዕረጋቸው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ የሚል ነበር። የማዕረጉ ትርጉም በጊቤ ላሉት ሁሉ ግልጽ ነበር፤ ወደ ከፋ የሚወስደው መንገድ በእነሱ አገር ያልፋልና። የጎጃሙ ራስ ደረሶም ጊቤን ተሻግሮ ግብር ይሰበስብ ነበር። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በራስ ጎበና ዳጬ መሪነት ወደዚያው ይገፉ ነበር። ሁለቱ በግንቦት መጨረሻ፣ ማለትም ጁን 6 ቀን 1882 በእምባቦ ተጋጠሙ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ ከጊቤ በስተ ደቡብና ምዕራብ ያለው የቡናና የዝባድ አገር ለሸዋ ክፍት ሆነ።

ለምኒልክ መገበር

ከእምባቦ በኋላ ለጊቤ ነገሥታት የቀረው ምርጫ ጠባብ ነበር። መዋጋት ይቻላል፤ ግን የሸዋ ጦር ጠመንጃ ይዟል፣ የጊቤ ጦር ደግሞ በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነበረው። መተባበርም አስቸጋሪ ነበር፤ አምስቱ ነገሥታት በ50 ዓመት ውስጥ እርስ በርስ ያልተዋጉበት ጊዜ አልነበረም። ዳግማዊ አባ ጅፋር በእናታቸው ምክር ሦስተኛውን መንገድ መረጡ። ጦር እስኪመጣባቸው ሳይጠብቁ ለምኒልክ ለመገበር ተስማሙ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በ1884 እንደተፈጸመ ይጻፋል።

የስምምነቱ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር። ንጉሡ በየዓመቱ ግብር ያስገባሉ፣ ሲጠሩ ይዘምታሉ፤ በምላሹ ጅማ በራሱ ንጉሥ ይተዳደራል። የሸዋ ወታደር በአገሩ አይሠፍርም፤ መሬቱ ለዘማች አይሸነሸንም፤ ገበሬውም እንደ አጎራባቾቹ የወታደር ገባር አይሆንም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ የስምምነቱ ዋና ቁም ነገር ነበር። በጦር በተያዙት አገሮች ገበሬው ከነቤተሰቡ ለሠፋሪ ወታደር ተመድቦ እህሉን፣ ማሩንና ጉልበቱን ይሰጥ ነበር። የጅማ ገበሬ ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቆየው ንጉሡ በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው።

ተመሳሳይ ስምምነት ያደረጉ ሌሎችም ነበሩ። በወለጋ የነቀምቱ ሞረዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ፣ የቄለሙ ጆቴ ቱሉ፣ በስተ ምሥራቅ የአውሣው ሱልጣን ሁሉ በግብር ውስጣዊ አስተዳደራቸውን ጠብቀዋል። ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሲባሉ አባ ጅፋር ግን በእስልምናቸው ጸንተዋል። ምኒልክም በዚህ አላስገደዷቸውም።

የጎረቤቶች ዕጣ ምርጫው ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ያሳያል። ጉማ በ1885፣ ጎማ በ1886፣ ጌራ በ1887፣ ሊሙ ኢናርያ በ1891 ተያዙ። ከ60 ዓመት በፊት በአባ ቦጊቦ ዘመን ከሁሉ የበለጠው መንግሥት ሊሙ ነበር፤ የሰቃ ገበያም የጊቤ ሁሉ መናኸሪያ ነበር። አሁን ነጋዴው ሰቃን እየተወ ወደ ሄርማታ ዞረ።

ግብሩና ዘመቻዎቹ

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግብር በዓይነት ነበር፦ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማር፣ ቡና፣ የሸማ ልብስ፣ ባሪያዎችም ጭምር። በኋላ በማርትሬዛ ብር ሆነ፤ መጠኑም እያደር ከፍ አለ። ንጉሡ ግብሩን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ይወጡ ነበር፤ ከግብሩ ሌላ ለቤተ መንግሥቱ ሰዎችና ለመኳንንቱ የሚሰጠው ገጸ በረከት ራሱን የቻለ ወጪ ነበር። በዙሪያቸው የተሾሙት የሸዋ መኳንንት ይህን ሀብታም አገር በዓይናቸው ይከታተሉ ስለነበር፣ በአዲስ አበባ ወዳጅ ማብዛት የግድ ነበር።

ከግብሩ የከበደው ግን ሁለተኛው ግዴታ ነው። የጅማ ጦር በምኒልክ ዘመን ጎረቤቶቹን በማስገበር ዘመቻዎች ላይ ተካፍሏል። በጅማ ምሥራቅ የነበረውና የጅማ ነገሥታት ለረጅም ጊዜ የተዋጉት የየም መንግሥት በ1894 ተያዘ። በዚያው ዓመት ምኒልክ ራሳቸው በመሩት የወላይታ ዘመቻ አባ ጅፋር ከሠራዊታቸው ጋር ተሰልፈዋል፤ ብዙ ሕዝብ አልቆ ንጉሥ ጦና ተማረኩ። በ1897 ደግሞ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋ ላይ ሲዘምቱ የጅማ ጦር አብሮ ጎጀብን ተሻገረ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካና በተራራ ከተከላከሉ በኋላ በሴፕቴምበር 1897 ተያዙ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወስደው በእስር እንዳሉ በ1919 አረፉ።

ከፋ ለዘመናት የተጠበቀችባቸው ጥልቅ ጉድጓዶችና የእንጨት አጥሮች ከጅማም የሚታወቁ የመከላከያ ዘዴዎች ነበሩ፤ ጅማ ራሷ የምትጠበቀው በዚሁ ዓይነት ነበርና። መንግሥቱን ያዳነው ስምምነት ጅማን የጎረቤቶቿ መጥፊያ ተካፋይ አድርጓታል። በከፋና በየም ስለ አባ ጅፋር የሚነገረው በጅማ ከሚነገረው የተለየ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጅሬን ግቢና አስተዳደሩ

የጅማ አስተዳደር በጊዜው ለነበሩ የውጭ ጎብኚዎች የሚያስገርም ነበር። በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ ጅማን ከጎበኙት አንዱ ፈረንሳዊው ጁል ቦሬሊ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኸርበርት ልዊስ ደግሞ ሥርዓቱን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን ጠይቆ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ዝርዝሩን አስቀምጧል።

አገሩ ቆሮ በሚባሉ 60 ገደማ አውራጃዎች የተከፈለ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ አባ ቆሮ ተሹሞ ሕግ ያስከብራል፣ ሰው ለሥራና ለዘመቻ ያወጣል፣ ትንንሽ ክርክሮችን ይዳኛል። ከሥሩ አባ ገንዳ የሚባሉ የመንደር ሹሞች ነበሩ። አባ ቆሮዎቹ በአብዛኛው ዝምድናን ተቆጥሮላቸው የሚወርሱ መሳፍንት አልነበሩም፤ ንጉሡ ይሾሟቸዋል፣ ሲፈልጉም ይሽሯቸዋል። ግብር የሚሰበስቡትም እነሱ ሳይሆኑ ከጅሬን የሚላኩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ይህ መለያየት ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ነው፤ አንድ ሹም ሰውንም ገንዘብንም በእጁ አስገብቶ እንዳይሸፍት ይከለክላል። በግቢው ውስጥ ግምጃ ቤቱን የሚይዘው አባ ሚዛን፣ ነጋዴውን የሚያስተዳድረው ነጋድራስ፣ ጦሩን የሚመራው አባ ዱላ ይባሉ ነበር። ለሹመት የንጉሥ ዘመድ መሆን አስፈላጊ አልነበረም፤ ነጋዴም፣ የውጭ አገር ሰውም፣ ባሪያም ሳይቀር ትልቅ ሥልጣን ያገኝ ነበር።

በድንበሩ ላይ ሰው የማይሠፍርበት ባዶ መሬት ተትቶ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ መንገዱ በሚያልፍበት ቦታ ኬላ ቆሞ ነበር። በኬላው አባ ኬላ ይጠብቃል። ገቢውንም ወጪውንም ያያል፤ ወሬ ለጅሬን ያደርሳል፤ ያለ ፈቃድ የሚያልፍ ነጋዴ የለም።

በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት በዋነኛነት በእንጨት የተሠራ፣ ፎቅና ሰፊ በረንዳ ያለው ግቢ ነው። ከበረንዳው ሆኖ የሚያይ ሰው ከታች የሄርማታን ሜዳ ይመለከታል። ንጉሡ ችሎት የሚቀመጡትና እንግዳ የሚቀበሉት እዚሁ ነበር። በግቢው ዙሪያ የአናጺዎች፣ የአንጥረኞች፣ የሸማኔዎችና የቆዳ ሠራተኞች ሠፈሮች ነበሩ። የጅማ ወንበርና በርጩማ እስከ ዛሬ ድረስ ስመ ጥር የሆነው ከዚህ ሙያ የተነሣ ነው። አባ ጅፋር እጅግ ረጅም ሰው እንደነበሩ፣ ቁመታቸውም ከ2 ሜትር እንደሚያልፍ በጅማ ይነገራል።

ሄርማታ

የጅማ መንግሥት ያለ ሄርማታ ሊታሰብ አይችልም። ገበያው የተቀመጠው ከከፋ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚሄደው የሲራራ መንገድ ላይ ነው። ከንጉሡ ግቢም ሩቅ አልነበረም። ከደቡብና ከምዕራብ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ማርና ቆዳ ይገባል። ከሰሜንና ከምሥራቅ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ የመዳብ ዕቃ፣ በኋላም ጠመንጃ ይመጣል። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በስንት እጅ አልፎ ሄርማታ ሲደርስ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆኖ ስለሚገኝ፣ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር።

ነጋዴዎቹ ሁለት ወገን ነበሩ። ከሰሜን የሚመጡት ሙስሊሞች ጀበርቲ ሲባሉ፣ የአካባቢው ኦሮሞ ነጋዴዎች አፍቃላ ይባሉ ነበር። የጊቤ እስልምና በአብዛኛው በእነዚህ ነጋዴዎች እግር የገባ ነው። አባ ጅፋር ነጋዴን በማክበር ይታወቁ ነበር። የተዘረፈ ነጋዴ ፍርድ ያገኛል፤ መንገዱ ይጠበቃል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ቤት መሥሪያ ቦታ ይሰጠዋል። በኋለኛው ዘመናቸው የየመን ዓረቦች፣ ግሪኮችና ሌሎች የውጭ ዜጎችም በሄርማታ ሱቅ ከፍተዋል።

ከገበያው ሸቀጦች አንዱ ሰው ነበር። ሄርማታ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት የባሪያ ገበያዎች አንዷ ስትሆን፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየምና ከሌሎች አገሮች የተማረኩ ሰዎች በእሷ በኩል ይሸጡ ነበር። ከ1890ዎቹ ዘመቻዎች በኋላ ንግዱ ይበልጥ ጨመረ። ምርኮኛ በዛ፤ የወታደር ሠፈሮችም በየቦታው ተተከሉ። ንጉሡ ራሳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ባሪያዎች ነበሯቸው። የግቢው እርሻ የሚታረሰው፣ ውኃው የሚቀዳው፣ እንጨቱ የሚለቀመው በእነሱ ጉልበት ነበር። ስለ ጅማ ብልጽግና የሚጻፈው ሁሉ ይህን ካላካተተ ጎዶሎ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የገበያው መልክ ተለወጠ። የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ እያነሰ ቡና እየበለጠ ሄደ። በ1917 የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የጅማና የሊሙ ቡና በበቅሎ ተጭኖ አዲስ አበባ ከገባ የባሕር በር ያለው መንገድ አገኘ። ቡና የጅማን ሀብት አበዛ። በአዲስ አበባ ያሉትንም ሰዎች ዓይን ይበልጥ ሳበ።

እምነትና ትምህርት

አባ ጅፋር በነገሡበት በ1878 በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ አዘዙ። አገራቸውን ጥለው ከተሰደዱት ሼኮችና ደረሳዎች ብዙዎቹ ወደ ጊቤ መጡ፤ አባ ጅፋርም ተቀብለው መሬትና ቀለብ ሰጧቸው። በዚህ ዓይነት ጅማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋናዋ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆነች። ተማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ በየመስጊዱ ተቀምጠው ፊቅህና ዓረብኛ ይቀሩ ነበር። ለሐጅ የሚሄዱ የጅማ ሰዎች ማረፊያ የሚሆን ቤት በመካ እንዳሠሩም ይነገርላቸዋል። እስልምናው ግን የቀድሞውን ልማድ ሁሉ አላጠፋም፤ የቃሉ ሥርዓትና ሌሎች የኦሮሞ ወጎች ጎን ለጎን ቀጥለዋል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ስምምነቱ የተደረገው ከምኒልክ ጋር ነበር። ምኒልክ በ1913 ሲሞቱ የጸናው በልማድና በአባ ጅፋር ሽምግልና ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሡ ከምኒልክ በኋላ ልጅ ኢያሱን፣ ንግሥት ዘውዲቱን፣ ከዚያም ተፈሪ መኮንንን አይተዋል። የእሳቸው ዘመን ሰዎች የሆኑት ነገሥታት አንድ በአንድ ሲያልፉ እሳቸው ቀሩ።

አዲሱ መንግሥት ግን የተለየ አሠራር ፈለገ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1930 ዘውድ ጭነው በ1931 የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አወጡ። የሕገ መንግሥቱ መንፈስ አገሩ ሁሉ በአንድ ማዕከል፣ በተሿሚ ገዥዎች እንዲተዳደር ነው። በራሱ የሚገብርና በራሱ የሚዳኝ የዘር ንጉሥ በዚህ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገብታ ስለነበር፣ የጅማ ገበያ መኖርም መንግሥቱን የሚያሳፍር ጉዳይ ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን ቡናው ነበር። የጉምሩክ ገቢ ለሚፈልግ ግምጃ ቤት ጅማ በግብር ብቻ የምትታለፍ አገር አልነበረችም።

ንጉሡ በዚህ ጊዜ 70 ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ ጤናቸውም ደክሞ ነበር። ሥራውን የያዘው የልጃቸው ልጅ አባ ጆቢር አባ ዱላ ነበር። አባ ጆቢር ወጣትና ቆራጥ ሰው ስለነበር የአያቱን መብት ሳያስነካ ለመቀጠል ፈለገ፤ ከአዲስ አበባ ከመጡት ሹማምንት ጋርም ተጋጨ። አያቱ በ1880ዎቹ ያደረጉትን ድርድር የልጅ ልጁ በ1930ዎቹ ሊደግመው አልቻለም። ያኔ ሸዋ የጊቤን በር የሚከፍትለት ወዳጅ ያስፈልገው ነበር፤ አሁን ዙሪያው ሁሉ በእጁ ነው።

በ1932 የመንግሥት ጦር ጅማ ገባ። አባ ጆቢር ተይዞ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደና ታሰረ። በዚያው ዓመት ራስ ኃይሉ ከጎጃም ተሽረው ራስ እምሩ ተተክተዋል። ስለዚህ 1932 ከቀድሞ የዘር ገዥዎች ትልልቆቹ ሁለቱ የጠፉበት ዓመት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በዚሁ ዓመት አረፉ፤ የተቀበሩትም በጅሬን ነው። አባ መጋል ከጀመሩት፣ ሳና ካቆሙት ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ጅማ ከማዕከል በሚላክ ገዥ መተዳደር ጀመረች።

ከአባ ጅፋር በኋላ

ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባ ሲገባ አባ ጆቢር ከእስር ተፈቶ ወደ ጅማ ተመለሰ፤ ጣሊያኖችም የጅማ ሱልጣን ብለው ሾሙት። ሹመቱ የአያቱን ሥልጣን የሚመልስ አልነበረም። ትእዛዙ የሚወጣው ጅማን ዋና ከተማው ካደረገው የጋላ ሲዳሞ አገረ ገዥነት ነበር። በ1941 ጣሊያን ሲሸነፍ አባ ጆቢር እንደገና ታሰረ። ጅማም ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት አስተዳደር ተመለሰች።

ጣሊያኖች አዲሱን ከተማ የቆረቆሩት በጅሬን ሳይሆን በሜዳው፣ በአወቱ ወንዝ ዳርና ዳር፣ በሄርማታ ነው። ሰፋፊ መንገዶችን፣ የአስተዳደር ሕንፃዎችንና የገበያ ቦታን ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑም ንግዱም ከኮረብታው ወርዶ ሜዳው ላይ ቀረ። ጅሬን የከተማዋ ዳር ሆነ፤ ሄርማታ ከተማዋን ሆነች፣ ስሟን ግን ለመንግሥቱ ስም ለቀቀች። ልዊስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገበያውን ሲያየው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበልጥ እንደነበር፣ በበጋ ወራት በደህና የገበያ ቀን እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር ጽፏል። የሄርማታ ስም ዛሬም ሄርማታ መርካቶና ሄርማታ መንቲና በሚባሉት ቀበሌዎች ይጠራል።

የጅሬኑ ቤተ መንግሥት ለጎብኚዎች ክፍት የሆነ ታሪካዊ ቅርስ ነው፤ የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች ከፊሎቹ በከተማው ሙዚየም ይታያሉ። እንጨቱ ግን ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አገር እድሳት ሳይደረግለት ረጅም ጊዜ አይቆይም፤ የቅርሱ አጠባበቅ በየጊዜው የሚነሣ ጉዳይ ነው። የከተማዋ የእግር ኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በስማቸው የሚጠራ ሲሆን፣ በ2017/18 የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን አንሥቷል።